«እኛም የበደሉንን» ላይ ምላሴ ይያዛል

ጥያቄ፦ ወንድሜ የእናታችንን ቤት ሸጦ ድርሻዬን ከለከለኝ። «አባታችን ሆይ» ስደግም «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። ዘልዬው ልለፍ?

መልስ፦ አይዝለሉት፤ ጌታ ጸሎቱን ካስተማረ በኋላ ተመልሶ ያብራራው ይህንኑ ቃል ነው (ማቴዎስ 6፥14-15)። እዚያው ቆም ይበሉና ወንድምዎን በክርስትና ስሙ ያንሱት። «ድርሻዬን ወስዶብኛል፤ አዝኛለሁ» ብለው በደሉን በአንድ ዐረፍተ ነገር ለእግዚአብሔር ይንገሩ። ከዚያ ካለፈ ጸሎቱ ክስ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው፤ በደሉን ሲዘረዝር ቁጣው እንደ አዲስ ይግላል። ቀጥለው ለጤናው፣ ለልጆቹ ይለምኑለት፤ «ማረው» ይበሉና ቃሉን ይጨርሱ።

ልብዎ ካልተከተለ «አስመሳይ ሆንኩ» ብለው አይተዉት። ይቅርታ በፈቃድ ይጀመራል፤ ስሜቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ቂሙ ነገ ቢመለስ ነገም ይድገሙት፤ ጴጥሮስ «ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው?» ብሎ ሲጠይቅ ጌታ የመለሰለት «ሰባ ጊዜ ሰባት» ለአንድ ቁስልም ይሠራል።

ድርሻን መጠየቅ ግን ይቅርታን አያፈርስም፤ በሽማግሌ ይጠይቁ። ቂሙ ከከበደዎ ወደ ንስሐ አባትዎ ይሂዱ፤ ሲናዘዙም የራስዎን ቂም ይናገሩ እንጂ የወንድምዎን ጥፋት አይቁጠሩ።