መልስ፦ ዝናብ ሲዘንብ ግድግዳው ለምን ይቀላል?

ወዳጄ፣ የአየር ብክለትን በቀለም የሚያሳየው የመብራት ግድግዳህ ዝናባማ ጠዋት ላይ እየቀላ ማስቸገሩ ሴንሰሩ ስለተበላሸ አይመስለኝም። ፒኤምኤስ5003 የተባለው ይኸው ሴንሰር የአየሩን ብናኝ የሚቆጥረው በሌዘር ነው። እርጥበት ከ80 በመቶ ሲያልፍ ብናኙ ውሃ ስቦ ያብጣል፤ የጉም ጠብታም እንደ ብናኝ ይቆጠራል። አጠገቡ የእርጥበት መለኪያ (ቢኤምኢ280 ይበቃል) አስገባና ከዚያ በላይ ሲሆን ቀለሙን ባለበት አቁመው። ሴንሰሩን ከመብራቱ ሙቀት አርቀው፤ አየር ማስገቢያውን ግን አትድፈነው።

ሲበራ የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች ንባብ ጣል፤ ከዚያ የ10 ደቂቃ አማካይ ውሰድ። አለዚያ ሲጋራ ይዞ ያለፈ ሰው ሁሉ ግድግዳውን ያቀላዋል። 15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 (እ.ኤ.አ.) የጥቃቅን ብናኝ (ፒኤም2.5) ወሰን የ24 ሰዓት አማካይ ነው፤ ከቅጽበት ንባብ ጋር አታወዳድረው፣ ተመልካቹን ያሳስታል።

ጫፍ ላይ ያሉት አምፖሎች ወደ ብጫነት የሚያደሉት ደግሞ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ስለሚወርድ ነው። ደብሊውኤስ2812ቢ የሚባሉት ባለቀለም ኤልኢዲ አምፖሎች 100 ሆነው ሙሉ ነጭ ሲበሩ እስከ 6 አምፔር ይስባሉ። ባለ 5 ቮልት፣ 10 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ተጠቀምና ኃይሉን ከሁለቱም ጫፍ ስጥ።