በ96 ቀዳዳ ላይ የ128 እጀታ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። የኩሽናዬ ካቢኔት ከነጭ ላሚኔት ቺፕውድ የተሠራ ሲሆን አሥራ አራት በሮችና አምስት መሳቢያዎች አሉት። የድሮዎቹ እጀታዎች ቀለማቸው ስለለቀቀ አዲስ ገዛሁ፤ ይሁንና የድሮዎቹ ቀዳዳዎች በመካከላቸው 96 ሚሊ ሜትር ሲራራቁ፣ የአዲሶቹ 128 ሆነው ተገኙ። ልጄ በተዋሰው ድሪል አንዱን በር ሲበሳ የጀርባው ሽፋን ተፈነቀለ፤ የገጠመው እጀታም ዘመም ብሏል። ለመሳቢያዎቹ ደግሞ አብሮ የመጣው ብሎን አጠረ። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው ያልተጠቀሙባቸውን እጀታዎች ወደ ገዙበት ሱቅ ይመልሱና በ96 ይለውጡልዎት እንደሆነ ይጠይቁ። የእጀታ ልክ የሚባለው የዕቃው ጠቅላላ ርዝመት ሳይሆን ከአንዱ ብሎን መሐል እስከ ሌላው ብሎን መሐል ያለው ርቀት ሲሆን፣ በፋብሪካ በሚመረቱት ላይ አብዛኛውን ጊዜ በ32 ሚሊ ሜትር እየጨመረ 64፣ 96፣ 128፣ 160፣ 192 እያለ ይሄዳል። 96 እና 128 ደግሞ በብዛት ከሚሸጡት መካከል ናቸው። በአናጺ አፍ ይህን መስማት እንግዳ ሊሆንብዎት ይችላል፤ ነገር ግን ጤነኛ ቀዳዳ እያለ አሥራ ዘጠኝ ቦታ አዲስ መብሳት እኔ በራሴ ቤት የማላደርገው ነገር ነው።

ሱቁ አልቀበልም ካለ ግን መንገድ አለ። በበሮቹ ላይ ከሁለቱ የድሮ ቀዳዳዎች አንዱን እንዳለ ይጠቀሙበትና ሌላኛውን ብቻ በአዲስ ይብሱ፤ አዲሱ ቀዳዳ ከሚተወው ቀዳዳ 32 ሚሊ ሜትር አልፎ ይውላል። በታችኞቹ በሮች የላይኛውን ቀዳዳ ይዘው ወደ ታች፣ በግድግዳ ላይ በተሰቀሉት ደግሞ የታችኛውን ይዘው ወደ ላይ ቢሄዱ እጀታው ከበሩ ጫፍ ያለው ርቀት እንደ ቀድሞው ይቆያል፤ የሚደፈነውም በየበሩ አንድ ቀዳዳ ብቻ ይሆናል። በመሳቢያዎቹ ላይ ይህን ዘዴ አልመክርም። እጀታው በአግድም ስለሚተኛ አንዱን የድሮ ቀዳዳ ከያዙ ከመሐል 16 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ይሸሻል፤ ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ትንሽ ይመስላል እንጂ አምስት መሳቢያ ተደርድሮ ሲታይ ዓይን አይስተውም። ስለዚህ መሳቢያው ላይ ከሁለቱም የድሮ ቀዳዳዎች 16 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ በመውጣት ሁለት አዲስ ቀዳዳዎች ይበሱ።

የተተወውን ቀዳዳ በስቱኮ ብቻ መሙላት አይበቃም፤ ስቱኮው ሲደርቅ ይሰረጉዳል። ለቀዳዳው ልክ የሆነ ክብ እንጨት በኮላ ነክረው ያስገቡ፣ ከፊቱ ሁለት ሚሊ ያህል ዝቅ አድርገው ይቁረጡት፣ ኮላው አድሮ ሲደርቅ ነጭ ስቱኮ ይሙሉበትና በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በጥንቃቄ ያስተካክሉት፤ ወረቀቱ ላሚኔቱን እንዳይነካ ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ይከልሉ። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው ምልክቱ መታየቱ አይቀርም፤ ሆኖም እጀታው ከፊቱ ስለሚያልፍ በዕለት ተዕለት ኑሮ አያስቸግርዎትም።

አሁን ወደ ዘመመው እጀታ እንምጣ። ልጅዎ ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው ሜትር ይዞ በሩ ላይ ለክቶ፣ በእርሳስ ነጥብ አድርጎ በስቶ ይሆናል። እንዲህ ሲሠራ በእያንዳንዱ በር ላይ አዲስ ስሕተት ይወለዳል። ደግሞም በሩ ራሱ በማጠፊያው ላይ ወርዶ ከሆነ፣ በትክክል የተገጠመ እጀታም ቢሆን ከጎረቤቱ ጋር አይተያይም። ስለዚህ መጀመሪያ በሮቹን ሁሉ ዘግተው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆኑን ይመልከቱ፤ ካልሆነ በውስጥ ባለው ማጠፊያ ላይ ያሉትን ማስተካከያ ብሎኖች በካቻቢቴ ጥቂት በጥቂት በማዞር ያቅኑት። ከዚያ ልክ ማውጫ ይሥሩ፦ አንድ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ (በስሱ ተነባብሮ የተጣበቀ እንጨት) ይውሰዱ፣ በሁለት ጠርዞቹ ላይ የበሩን ጥግ የሚይዙ ቀጫጭን ጣውላዎች ይምቱበት፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች በእጀታው ልክ ይብሱበት። የቀዳዳውን ቦታ ለማግኘት የእጀታውን እግሮች በወረቀት ላይ ተጭነው አሻራቸውን መውሰድ በሜትር ከመለካት ይሻላል። ይህን ቁራጭ በየበሩ ጥግ ላይ እያስደገፉ ብቻ ይበሳሉ፤ ጣውላዎቹ በሁለቱም ፊት ከተመቱ ለግራም ለቀኝም በር ተገልብጦ ያገለግላል። ለመሳቢያዎቹ መሐሉ የተሰመረበት ሌላ ቁራጭ ያስፈልግዎታል። ርካሽ እጀታዎች ከአንዱ ወደ አንዱ በግማሽ ሚሊ ሊለያዩ ስለሚችሉ ሁሉንም በልክ ማውጫው ላይ ይሞክሯቸው።

የጀርባው ሽፋን የተፈነቀለው ፑንታው (የድሪሉ መብሻ ብረት) ሲወጣ ላሚኔቱን ከኋላ የሚደግፈው ነገር ስላልነበረ ነው። ከበሩ ኋላ ጠፍጣፋ እንጨት አድርገው በሞርሳ (በማጣበቂያ መቆንጠጫ) አጥብቀው ይያዙት፤ የሚበሱበትን ቦታ በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑት፤ ድሪሉ እየመታ በሚበሳበት የመዶሻ ምልክት ላይ አለመሆኑን ያረጋግጡ። የተዋሱት ድሪል ለግድግዳ ሲያገለግል የኖረ ከሆነ በላዩ ያለው ፑንታም የግድግዳ ሊሆን ይችላልና አዲስ የእንጨት ፑንታ ይግዙ። ከፊት ለፊት በ3 ሚሊ ጀምረው በ5 ሚሊ ያስፉት። ብሎኑ 4 ሚሊ ሆኖ ሳለ ቀዳዳው 5 የሚሆነው እጀታውን ለማቅናት ትንሽ መላወሻ እንዲኖር ነው። ለተጎዳው በር ሰፋ ያለ ሮንዴላ (መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ስስ ብረት) ከብሎኑ ራስ ሥር ቢያስገቡ ፍንቅሉን ይሸፍነዋል።

የመሳቢያው ብሎን ያጠረው በሩ አንድ ጣውላ ሲሆን መሳቢያው የሳጥኑና የፊቱ ሁለት ጣውላዎች ስላሉት ነው። ብሎኑ እጀታው ውስጥ ከ5 እስከ 7 ሚሊ መግባት ይኖርበታል፤ ስለዚህ 18 ሚሊ ውፍረት ላለው በር 25 ሚሊ ሲበቃው፣ ባለ 16 ሳጥንና ባለ 18 ፊት መሳቢያ 40 ሚሊ ይፈልጋል። ያገኙት ረጅም ከሆነ በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) ይቁረጡት፤ ከመቁረጥዎ በፊት ዳዶ ካስገቡበት፣ ሲጨርሱ ዳዶውን መልሰው ሲያወጡት የተጎዳውን ጥርስ ያስተካክልልዎታል። ከልኩ የረዘመ ብሎን እጀታው ውስጥ መጨረሻው ላይ ስለሚቆም የተጠበቀ እየመሰለ እጀታው ይወዛወዛል።

የቺፕውድ ቀዳዳ ውሃ ይጠጣል፤ ከጠጣም ያብጣል። በተለይ ከዕቃ ማጠቢያው ሥርና አጠገብ ባሉት በሮች፣ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት ቀዳዳውን በጥቂት ቫርኒሽ ያርጥቡትና ይድረቅ። ብሎኑንም በድሪል ሳይሆን በእጅ ካቻቢቴ ያጥብቁ።

ካቢኔቱ ማዕዘን ላይ የሚታጠፍ ከሆነ እዚያ ያለውን መሳቢያ ከመብሳትዎ በፊት እጀታውን በፕላስተር ለጥፈው ሁለቱንም ወገን ከፍተው ይሞክሩ፤ የአንዱ እጀታ የሌላውን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ሥራውንም ሰው ከማያየው፣ ከማቀዝቀዣው ጎን ከተደበቀ በር ካለ ከዚያ ይጀምሩ።