የፕላን ክለሳ ስብሰባ መሄድ ዋጋ አለው ወይ ላልሽው

አብሽሪ እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ላላያችሁት፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ያለች ትንሽ ከተማ ነው የሚኖሩት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ፕላን ልከልስ ነው ብሎ ነዋሪውን ጠርቷል፣ የእናቷ ቤት አረንጓዴ ቦታ ውስጥ፣ ማለትም ፕላኑ ለዛፍና ለመናፈሻ የከለለው ውስጥ ገብቷል እየተባለ ይወራል፣ እና መሄዱ ጥቅም አለው ወይስ ጨርሰው ነው የሚጠሩን ነው ያለችው።

እኔ ደሴ ነው የምሰራው፣ ሰርቬየር ነኝ፣ በዙሪያችን ያሉ ትንንሽ ከተሞች ፕላን ሲሰራላቸው ቶታል ስቴሽን የሚባለውን የመሬት መለኪያ መሳሪያ ተሸክሜ ዞሬያለሁ። ሂጂ ነው የምልሽ፣ ግን ምን እንደምትጠይቂ አውቀሽ ሂጂ።

ስብሰባው ላይ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ባለቀለሙ ካርታ ነው፣ ሰው ሁሉ ቤቱን ፈልጎ ጣቱን ይቀስርና ጩኸት ይሆናል። አንቺ እሱን ተይውና መጀመሪያ የነባራዊ ሁኔታ ካርታውን አሳዩኝ በይ፣ ማለትም ዛሬ መሬት ላይ ያለውን የሚያሳየውን። ስህተቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እዛ ነው። አንድ ከተማ ላይ ያየሁትን ልንገርሽ፣ ከሳተላይት ምስል ሲሳል ባህርዛፍና ጌሾ ያለበት የሰው ግቢ ጫካ ተብሎ ገባ፣ ቤቱ ዛፍ ስር ስለሆነ ቆርቆሮው አይታይማ፣ ከዛ ቢሮ ቁጭ ብሎ ፕላን የሚሰራው ልጅ ምን ያድርግ፣ ጫካ ካየ አረንጓዴ ይቀባዋል። እዚህ ደረጃ ላይ ከተያዘ ሰርቬየር ሄዶ ለክቶ ያስተካክለዋል፣ ከፀደቀ በኋላ ግን ማመልከቻ ይዘሽ ስትመላለሺ ነው የምትኖሪው።

ከአረንጓዴው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ መንገድ ነው። ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ስር ያደገ ሰው ይገባዋል፣ ወረቀት ላይ ቀጥ ብሎ የተሰመረ 15 ሜትር መንገድ መሬት ላይ ስትሄጂ ፍየል እንጂ መኪና የማይወጣው ዳገት ይሆናል። መንገዱ አይከፈትም፣ መስመሩ ላይ ያለው ቤት ግን ታሰረ ማለት ነው፣ ልስራ ሲል የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ግንባታው ከፕላኑ ጋር ይሄዳል የሚለው ፈቃድ አይሰጠውም፣ ካሳም የለም ምክንያቱም ማንም አላስነሳውም፣ በአዋጅ 1161/2011 ካሳ የሚከፈለው መሬቱ ለህዝብ ጥቅም ተብሎ ሲለቀቅ ነው እንጂ ካርታ ላይ ስለተሰመረበት አይደለም። ስለዚህ መንገዱን ከኮንቱር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ከሚያገናኘው መስመር ጋር ደርባችሁ አሳዩን በሉ። የኮንቱር መስመሮቹ ተጠጋግተው መንገዱ እነሱን ቆርጦ ሽቅብ ከወጣ እዛው ተከራከሩ፣ ተዳፋቱን ተከትሎ ይዙር በሉ።

እውነቱን ልንገርሽ ደግሞ፣ የእናትሽ ቤት ወንዝ ዳር ከሆነ አረንጓዴው ልክ ሊሆን ይችላል። ቦርከና ከኛ ወደ እናንተ ነው የሚወርደው፣ ደሴ ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ታች ያለው ነው ጎርፉን የሚቀበለው፣ እዛ ላይ ፕላነሩን አልፈርድበትም።

ካርታው ብቻውን ፕላን አይደለም፣ አብሮት ማስፈፀሚያ ደንብ አለ፣ እሱን ማንም አይጠይቅም። ቅይጥ መኖሪያ የተባለው ላይ ሱቅ ይፈቀዳል ወይ፣ ፕላኑ ለቦታው ከሰጠው አገልግሎት ጋር የማይሄድ ነባር ቤት እድሳት ይፈቀድለታል ወይ፣ ስንት ፎቅ ነው፣ ከመንገድ ምን ያህል መራቅ አለበት፣ ይሄ ሁሉ ያለው እዛ ነው። እናትሽን የሚመለከታት የእድሳቱ ነገር ይመስለኛል።

አልቆ ነው የሚጠሩን ላልሽው፣ አንዳንዴ አዎ፣ አልዋሽሽም። ግን የከተማ ፕላን አዋጁ፣ 574/2000፣ የህዝብ ተሳትፎን መርህ አድርጎ ነው ያስቀመጠው፣ ስለዚህ የተናገርሽው ቃለ ጉባኤ ላይ መግባት አለበት። አፍ ብቻ አይበቃም፣ አስተያየቱን ፅፋችሁ፣ የይዞታ ካርታና የግብር ደረሰኝ ኮፒ አያይዛችሁ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና የራሳችሁ ኮፒ ላይ ማህተም አስመቱ። ጎረቤቱ ተመሳሳይ ችግር ካለበት በእድር በኩል አንድ ላይ ፈርማችሁ አስገቡ፣ አንድ ሰው ሲጮህ የግል ጥቅም ነው ይሉታል። የይዞታ ካርታ ከሌላችሁ ወይ ቤቱ ያለፈቃድ የተሰራ ጨረቃ ቤት ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ አይሰራም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

እስኪ ቤቱ ከወንዙ ምን ያህል ይርቃል? ይዞታውንስ መቼ ነው ያገኙት፣ በሊዝ ነው በነባር? የይዞታ ካርታውን ስምና ቁጥሩን ሸፍነሽ ፎቶ አንሺና በኢንቦክስ ላኪልኝ፣ ማታ ቤት ስገባ አየዋለሁ።