መልስ፦ ኢንፎርሜሽን ሲስተም ወይስ ማኔጅመንት?

አብሽሪ እህቴ። የራስሽን ሥራ ለመጀመር ዩኒቨርሲቲ ከሁለቱ የትምህርት ክፍሎች የቱን ብማር ይሻላል ላልሽው፣ እኔ ኢንፎርሜሽን ሲስተም እልሻለሁ። እዚያ የምትማሪያቸው ዳታቤዝ (መረጃን በኮምፒውተር አደራጅቶ ማስቀመጥ) እና የሲስተም ትንተና (አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሄድ አጥንቶ ፕሮግራም መንደፍ) ያለ መምህር ይከብዳሉ። ከማኔጅመንት በኩል የሚያስፈልግሽን ሒሳብ አያያዝ ግን ጎን ለጎን መማር ይቻላል፤ ታዲያ አትናቂው! ዴቢትና ክሬዲት (የሒሳብ መዝገብ ሁለቱ ጎኖች) ሳይገባው የሽያጭ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ለነጋዴ አይጠቅምም።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ከደረሰሽ ደሴም ኮምቦልቻም ገበያው ደጅሽ ነው። አንድ ጅምላ አከፋፋይ አስፈቅደሽ የዱቤ መዝገቡን እይ፦ ማን ስንት ወሰደ፣ መቼ ከፈለ፣ በቴሌብር የገባውና በእጅ የተቀበለው እንዴት ይመሳከራል? ኢንተርኔት ሲቋረጥም የሚሠራ ፕሮግራም ሥሪለት። በነፃ ግን አትስጪው፤ ትንሽም ቢሆን አስከፍዪ። ነጋዴው በእውነት የሚፈልገውን የምታውቂው ገንዘብ ሲያወጣበት ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽንም ከዚያው አውጪው።