ማጂክ ሚሳይል በሚረር ኢሜጅ አይታለልም

ወንድሜ፣ ስለ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ በዳይስ ስለሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ፣ የጠየቅከኝ ሁለት ነገር አለው። ዊዛርድህ (አስማተኛው ገጸ ባሕርይህ) ራሱን የሚመስሉ ሦስት ምስሎች የሚፈጥረውን ሚረር ኢሜጅ የተባለ ስፔል (አስማት) ለቆ ሳለ የተተኮሰበት ማጂክ ሚሳይል (የአስማት ተወንጫፊ) ምስሎቹን ነው የሚመታው ወይስ እሱን? ከምትሃት ግድግዳ (ያለ ከሚመስል፣ ግን ከሌለ) ጀርባ ያለ ጠላት ላይስ ስፔል መልቀቅ ይቻላል? ጨዋታውን በዲኤምነት፣ ማለትም በመሪነትና በዳኝነት፣ ሳጫውት እንደዚህ ያጨቃጨቀን ነገር የለም።

የመጀመሪያው አጭር ነው፤ እሱን ራሱን ይመታዋል። ሚረር ኢሜጅ የሚያድነው ዳይስ ተጥሎ «አገኘው ወይስ ሳተው» ከሚባልበት ጥቃት ብቻ ነው። ማጂክ ሚሳይል መሳት አያውቅም፤ ዳይሱ ለጉዳቱ መጠን ነው። ፋየርቦልም (የሚፈነዳ የእሳት ኳስ) ምስል እውነተኛ አይልም፣ ቦታውን ነው የሚያነደው። ዳይስ ተጥሎ የሚተኮሰው የእሳት ስፔል ፋየር ቦልት ቢሆን ግን ምስሎቹ ይሠራሉ። በ2014ቱ ሕግ ሦስቱም ምስሎች ካሉ በባለ 20 ጎኑ ዳይስ 6 ወይም ከዚያ በላይ ካመጣህ ጥቃቱ ወደ ምስል ይዞራል፤ ሁለት ሲቀሩ 8፣ አንድ ሲቀር 11 ያስፈልግሃል። የ2024ቱን የምትጫወቱ ከሆነ አጣጣሉ ስለተቀየረ መጽሐፋችሁን እዩ።

ግድግዳው ላይ ነው ጣጣው። እኔ መጀመሪያ የማየው ስፔሉ «የምታየውን» ይላል ወይ የሚለውን ነው። ሰውን ባለበት የሚያደርቀው ሆልድ ፐርሰን ይላል፤ ስለዚህ ግድግዳው ምትሃት መሆኑን እስካላወቅክ ድረስ ከጀርባው ያለውን ሰው አታየውም፣ ልትይዘውም አትችልም። ፋየርቦል ግን የሚፈልገው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። እውነተኛ ግንብ ቢሆን እዚሁ በአንተ በኩል ይፈነዳ ነበር፤ ምትሃት ግን ምንም አያግድም፣ ሰንጥቆት አልፎ እዚያ ማዶ ይፈነዳል። ተጫዋቾቼ ይህን ካወቁ ወዲህ ያዩትን ግድግዳ ሁሉ በእሳት ካልፈተንን ይላሉ፣ ሲሰለች!

ያልጠየቅከኝን አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም መድረሱ አይቀርም። ፊትህ የቆመ ዘበኛ ራሱ ምትሃት ቢሆንና ሆልድ ፐርሰን ብትለቅበትስ? በ2017 የወጣው የዛናታር መጽሐፍ (የጨዋታው ተጨማሪ የሕግ መጽሐፍ) መልስ አለው፦ ስፔል ስሎትህ (ስፔል ለመልቀቅ ያለህ የተቆጠረ ድርሻ) ይበላል፣ ዘበኛው ላይ ምንም አይደርስም፣ አንተ የምታየው ግን ልክ ሴቪንግ ስሮው (ስፔልን ለመቋቋም የሚጣል ዳይስ) ጥሎ እንዳመለጠ ሰው ነው። ዲኤሙ «ይሄማ ምትሃት ነው» ብሎ መንገር የለበትም። እኔም አልናገርም፤ ቢያኮርፉም አልናገርም። ስለዚህ ከተጠራጠርክ ስሎትህን ከማባከንህ በፊት ቀስት ወይም ድንጋይ ወርውርበት፤ በውስጡ ካለፈ ነገሩ ተጋለጠ።