የእንግሊዝኛ አዲስ ቃል እንዴት ይወለዳል? ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ሻይዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። የእንግሊዝኛ ቃላት ከየት እንደሚመጡ፣ ለምን አንዱ ቆይቶ ሌላው እንደሚሞት ጠይቁ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። አንድ ማሳሰቢያ፦ የቃሉ ታሪክ በጣም ካማረ ተጠራጠሩ።

ከአዳማ፦ መምህር፣ አዲስ ቃል ሲመጣ የሚያጸድቀው ማን ነው?

መልስ፦ ማንም። ፈረንሳዮች ከ1635 ጀምሮ አካዳሚ አላቸው፤ እንግሊዝኛ የለውም። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ዳኛ አይደለም፣ ጸሐፊ ነው። ሰው ሲጠቀምበት ያያል፣ ይመዘግባል። የተለያዩ ሰዎች፣ በተለያየ ቦታ፣ ለዓመታት ጽፈውት ማየት ይፈልጋል። አንዴ «ኦክስፎርድ» ትልቁ መዝገብ ውስጥ የገባ ቃል ደግሞ ቢሞትም አይወጣም።

ከሐዋሳ፦ «ኦኬ» ከምን መጣ?

መልስ፦ እሰይ! ይሄን ስጠብቅ ነበር። በ1830ዎቹ መጨረሻ የቦስተን ጋዜጠኞች አንድ ፋሽን ነበራቸው። ቃሉን ሆን ብለው አበላሽተው ይጽፉታል፣ ከዚያ በመጀመሪያ ፊደሎቹ ያሳጥሩታል። «ኦል ራይት»ን «ኦ ደብሊዩ» ይሉት ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ልክ ነው»፣ በትክክል ሲጻፍ በኤ እና በሲ ነው የሚጀምረው። እነሱ በኦ እና በኬ ጻፉት። ቀልዱ ይኸው ነው፤ «ሁሉም ልክ ነው» የሚለው ራሱ ልክ አይደለም። ማርች 23 ቀን 1839 «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» ላይ ታትሞ ወጣ።

ታዲያ «ኦ ደብሊዩ» ሞቶ «ኦኬ» እንዴት ተረፈ? ምርጫ ነዋ! በ1840 ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ለሁለተኛ ጊዜ ይወዳደር ነበር። የተወለደው ኪንደርሁክ በምትባል የኒውዮርክ መንደር ነው። ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ» አሉት፣ የኪንደርሁኩ ሽማግሌ እንደ ማለት። ይሄም ሲያጥር ያው ኦኬ። ክለብ አቋቋሙበት፣ ተቃዋሚዎቹም መልሰው መቀለጃ አደረጉት። ሰውየው ተሸነፈ፣ ቃሉ ግን አገር ለአገር ዞረ። ቀጥሎ ቴሌግራፍ መጣ። «መልእክቱ ደርሶኛል» ለማለት ሁለት ፊደል! ቀልዱን ሁሉም ረሳው። እኔ እንደማስበው፣ ያዳነውም መረሳቱ ነው፤ ቀልድ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ከሳቁበት ሰዎች ጋር ይሞት ነበር። ይህን ሁሉ በ1960ዎቹ ከአሮጌ ጋዜጣ ቆፍሮ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የሚባል ምሁር ነው።

ከመቀሌ፦ እኔ የሰማሁት ግን ከግሪክኛ «ኦላ ካላ»፣ ማለትም «ሁሉም ደህና»፣ ነው።

መልስ፦ ምን አልኩ? ታሪኩ ካማረ ተጠራጠሩ። ድምፅ መመሳሰል ማስረጃ አይደለም። ወረቀት አምጣ።

ከባሕር ዳር፦ ሼክስፒር በሺህ የሚቆጠሩ ቃላት ፈጥሯል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በሺህ? አይመስለኝም። መጀመሪያ የተገኘበት ጽሑፍ የቃሉ ልደት አይደለም። የድሮዎቹ መዝገብ አዘጋጆች እሱን መስመር በመስመር ስላነበቡት ነው ብዙው በስሙ የተመዘገበው። አሁን አሮጌ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ሲገቡ ከእሱ በፊት የተጻፈ እየተገኘ ነው።

ከጅማ፦ «ኮፊ» ግን ከካፋ ነው። ይሄ ክርክር የለውም።

መልስ፦ አለው እንጂ። እንግሊዝኛ ከደች «ኮፊ» ወሰደ፣ ደቹ ከቱርክ «ካህቬ»፣ ቱርኩ ከአረብ «ቀህዋ»። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ አልተረጋገጠም። «ቀህዋ» ለወይን ጠጅም ይባል ነበር።

ከለንደን፦ እውነት ነው፣ ስሜት ሌላ፣ ማስረጃ ሌላ።

ከጅማ፦ ወንድሜ፣ አንተ እዚያ ሆነህ ማኪያቶ እየጠጣህ ነው የምታወራው። አረቦቹ ፍሬውን «ቡን» ይሉታል። ይሄንንስ ከየት አመጡት?

ከለንደን፦ ማኪያቶ አልጠጣም፣ ሻይ ነው።

መልስ፦ ተክሉ የእኛ ነው፣ እሱ ላይ ማንም አይከራከርም። የ«ቡን» ጥያቄ ጥሩ ነው፤ ግን ዛሬ የተቀመጥነው ለእንግሊዝኛ ነው። ተመለሱ።

ከድሬዳዋ፦ ስለ ቃላት ጠቅለል ያለ ማብራሪያ ቢሰጡን?

መልስ፦ አይ። አንድ ቃል ጥራና እንነጋገር።

ከደሴ፦ እሺ፣ በስህተት የገባ ቃል አለ?

መልስ፦ «ዶርድ»! የዌብስተር መዝገብ፣ 1934። የኬሚስትሪው አዘጋጅ አንዲት ካርድ ላይ «ዲ ወይም ዲ» ብሎ ጻፈ። አንዱ ትልቁ ፊደል፣ ሌላው ትንሹ። ሁለቱም «ዴንሲቲ»ን፣ ማለትም እፍጋትን፣ ያሳጥራሉ ለማለት ነው። በእንግሊዝኛ «ወይም» «ኦር» ነው። ካርዷ ቢሮ ለቢሮ ስትዞር ሦስቱ ተጣበቁና «ዶርድ» ሆኑ። ፍቺው፦ እፍጋት። አምስት ዓመት ማንም ልብ አላለም። በ1939 አንድ አርታኢ ምንጩ ያልተጻፈለት ቃል አይቶ ነቃ። እኔን የሚገርመኝ፣ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦም ቃሉን በአፉ የተናገረው ሰው አልነበረም።

ከአዳማ፦ እኔ አሁን አዲስ ቃል ብፈጥር ይቆይልኛል?

መልስ፦ ዕድልህን ሞክር። ጌሌት በርጀስ የሚባል አሜሪካዊ ቀልደኛ በ1907 የመጽሐፍ ሽፋን ላይ የሚጻፈውን ማሞገሻ «ብለርብ» አለው፤ ቆየ። በኋላ የፈጠራ ቃላት የሞሉበት መዝገብ አሳተመ፤ እነዚያን ዛሬ ማን ያውቃቸዋል? «ፖድካስት»ንም እዩ። በ2004 አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ጽሑፉ ውስጥ ሦስት ስም ወረወረ፦ «ኦዲዮብሎጊንግ»፣ «ፖድካስቲንግ»፣ «ጉሪላ ሚዲያ»። መሃለኛው ቆየ። «ፖድ» የተወሰደበት የሙዚቃ ማጫወቻ፣ የ«አይፖድ»፣ ዘመን አለፈ፣ ቃሉ ግን ስለ አይፖድ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ አፍ ውስጥ አለ።

ከጎንደር፦ ሰላም መምህር፣ አሁን ገባሁ። «ኦኬ» ከምን መጣ?

መልስ፦ ወደ ላይ ውጣ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የእኛስ? «እንጀራ» እንግሊዝኛ ሆኗል?

መልስ፦ የሜሪያም ዌብስተር መዝገብ ውስጥ አለ። «ጤፍ»ማ የቆየ እንግዳ ነው። ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጽፎታል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እዚህ ሠፈር አንድ ሱቅ «እንጀራ ብሬድ» ብሎ ለጥፏል። «እንጀራ ዳቦ» ማለት አይደል?

ከጅማ፦ ዳቦ? ይሄ ደግሞ ከቀህዋው ይብሳል።

መልስ፦ ፎቶ አንስተህ ቀኑን ጻፍበት። እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።