ለልጇ ጥንቸል ልትገዛ ላሰበችው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ማራኪ አካባቢ አንድ ክፍልና ትንሽ ማብሰያ ቤት ተከራይተሽ እንደምትኖሪ፣ የ7 ዓመት ልጅሽ «ጥንቸል ካልገዛሽልኝ» ብሎ እንደያዘሽ፣ ሻጩም ወንድና ሴቱን አብረሽ ውሰጂ እንዳለሽ ጽፈሻል። ይሸታል ወይ፣ ምን ይበላል፣ ጎረቤትስ ምን ይላል ነው ጥያቄሽ። እኔ እዚሁ ጎንደር ጥንቸል ከቤተሰቤ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለዓመታት ስላኖርኩ የማውቀውን ሁሉ ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ጥንቸሉ የልጅሽ አይሆንም፤ ያንቺ ነው የሚሆነው። በደንብ የተያዘ የቤት ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ይኖራል። ዛሬ የሚያለቅስልሽ ልጅ ጺም ሲያበቅል ጥንቸሉ ገና በቤትሽ ይኖር ይሆናል። ማለዳ ተነስተሽ ሣር የምታቀርቢው፣ የሚጸዳዳበትን ሳፋ የምታጥቢው፣ ዛሬ ለምን አልበላም ብለሽ የምትጨነቂው አንቺ ነሽ። ይህን ወደሽ ከተቀበልሽ መልካም። ልጁን ዝም ለማሰኘት ብቻ ከሆነ ግን ተዪው። በዚህ አነጋገሬ አትቀየሚኝ፤ ልጅ ሲሰለቸው በየጓሮው የተጣሉ ጥንቸሎች ስላየሁ ነው።

ልጆች ጥንቸልን የሚመኙት ሊያቅፉት ነው። ጥንቸል ደግሞ መታቀፍ አይወድም። በተፈጥሮው ታዳኝ እንስሳ ስለሆነ ከመሬት ብድግ ሲደረግ ጭልፊት የነጠቀው ይመስለዋል። አጥንቱ ቀላል፣ የኋላ እግሩ ግን እጅግ ብርቱ ስለሆነ በድንጋጤ ሲራገጥ የራሱን አከርካሪ ሊሰብር ይችላል። በጆሮ ማንሳትማ ግፍ ነው፤ ማንም እንዲያደርገው አትፍቀጂ። ለልጅሽ ከመጀመሪያው ቀን አስተምሪው፦ መሬት ላይ ተቀመጥ፣ እጅህን ዘርጋ፣ እስኪመጣ ጠብቅ። እኛ ቤት አመዴ የምንላት ግራጫ ሴት ጥንቸል አለች። መጀመሪያ አካባቢ ከአልጋው ሥር አልወጣ ብላ ነበር። ልጆቹ ሰሌን ላይ ተቀምጠው በጸጥታ ማንበብ ሲጀምሩ ቀስ ብላ መጥታ እግራቸውን ታሸትት ጀመር፤ ውሎ አድሮም ግንባሯን ለመዳበስ አቀረበች። ስትረካ ጥርሷን በቀስታ ስታፋጭ እጅሽ ላይ ይሰማሻል። ሲላት አየር ላይ ዘልላ ወገቧን ጠምዝዛ ትወርዳለች፤ ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ይስቃል። ይህ እንዲመጣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለ7 ዓመት ልጅ ይህን ትዕግሥት የምታስይዘው እናቱ ናት።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ፤ በጎንደር ጥንቸል የሚተርፈውም የሚሞተውም በዚህ ነውና። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ የፊት ጥርሱ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። የሚሞርደው ሣር ማኘኩ ነው። ሣር ካጣ መንጋጋው ሾሎ ምላሱንና ጉንጩን ይወጋዋል፤ እየራበው መብላት ያቅተዋል። ስለዚህ ከሚበላው ከመቶ 80 ያህሉ ሣር ወይም ድርቆሽ መሆን አለበት። ካሮት ስኳር ስለሚበዛበት አልፎ አልፎ ቁራጭ ይበቃዋል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎ አትስጪው፤ ሆዱ ውስጥ ይቦካበታል። እንግዳ ሲመጣ ዳቦ ሊያጎርሰው ይፈልጋልና እሱንም ተቆጣጠሪ።

ከሰኔ እስከ መስከረም ሣር አያሳስብሽም፤ ከግቢ ሳትወጪ ታገኛለሽ። እርጥብ ሣር ላልለመደ ጥንቸል ግን በጥቂት በጥቂቱ ይጀመራል፤ አለዚያ ያስቀምጠዋል። ፈተናው ከጥር በኋላ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ከአዘዞ እስከ አንገረብ ያለው መሬት ቢጫ ሲሆን አረንጓዴ ነገር ፍለጋ መዞር ትጀምሪያለሽ። ስለዚህ ድርቆሹ የሚገዛው በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር፣ ሣሩ ታጭዶ ገና እንደደረቀ ነው። የጋሪ ፈረስ ያላቸውን ሰዎች ከየት እንደሚገዙ ጠይቂያቸው፤ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነቱ ጨርሶ ያልጠፋ፣ ሽታው የሚያስደስት ነው። ጨብጠሽ ስታራግፊው አቧራ የሚነሳና የሻጋታ ሽታ ያለው ከሆነ በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂ። ከአፈር ከፍ አድርገሽ፣ ዝናብ የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው። የጤፍ ጭድ ለመኝታም ለመቆርጠምም ይሆናል፤ ብቻውን ግን ቀለብ አይሆንም። አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ብታገኚ ለግልገል ጥሩ ነው፤ ለትልቅ ጥንቸል ካልሲየሙ ስለሚበዛ በየቀኑ አይሰጥም።

ከቅጠላ ቅጠል በሶብላ፣ ድንብላልና የካሮት ቅጠል ይወዳሉ። ጎመን ሆድ ስለሚነፋ በትንሹ ይሁን። ቅዳሜ ገበያ ላይ ከሚጣለው ቅጠል የምትሰበስቢ ከሆነ ፀረ ተባይ ሊኖርበት ስለሚችል በብዙ ውኃ እጠቢው። አቮካዶ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የድንችና የቲማቲም ቅጠል መርዝ ናቸው። ንጹሕ ውኃ ደግሞ ሁልጊዜ ከፊቱ አይታጣ፤ ከበድ ያለ የሸክላ ሳህን ከፕላስቲክ ይሻላል፤ አይገለብጠውም።

ሰው የማያውቀው ትልቁ ነገር ግን የጥንቸል አንጀት ነው። ጥንቸል ማስታወክ አይችልም። አንጀቱ ቀን ከሌት መንቀሳቀስ አለበት፤ ከቆመ እንስሳው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለግማሽ ቀን ምንም ካልበላ አስቸኳይ ሕመም ነው፤ «ነገ ይሻለው ይሆናል» አይባልም። ሕመሙን ስለሚደብቅ ምልክቱን ማወቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ። አንድ የነሐሴ ማለዳ በሶብላውን ከአመዴ አፍንጫ ሥር ሳደርገው አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ወትሮ ከእጄ የምትነጥቀውን ነው። ጀርባዋን አጉብጣ፣ ዓይኗን በግማሽ ከድና ጥጓን ይዛ ተቀመጠች። ሳፋዋን ሳየው በሌሊቱ የጣለችው በጠጥ በጣት የሚቆጠርና የደቀቀ ነበር። ጥርሷን ታፋጭ ነበር፤ የደስታው ማፋጨት ለስለስ ያለ ነው፣ ይህኛው ግን ከወዲያ ማዶ የሚሰማ ቂጭቂጭታ ነው። ወዲያው ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ፈሳሽ ከቆዳዋ ሥር ተሰጣት፣ የላመ ምግብ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ በጥቂት በጥቂቱ አጎረስናት። በማግስቱ ሳፋዋ ውስጥ በጠጥ ሳይ የተሰማኝን ደስታ ጥንቸል ያላሳደገ ሰው አይረዳውም።

ስለ በጠጥ ካነሳሁ ሁለት ነገር ልጨምር። ጥንቸል ለስላሳና እርስ በርሱ የተጣበቀ ሌላ ዓይነት በጠጥ አለው፤ ይህን ከራሱ በአፉ ተቀብሎ ይበላዋል። አትጸየፊ፣ አትከልክዪውም፤ በመጀመሪያው ዙር ያልወሰደውን ቫይታሚንና ፕሮቲን የሚያገኘው በዚህ ነው። ሽንቱ ደግሞ አንዳንድ ቀን ቀይ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ከቅጠሉ ቀለም የሚመጣ ስለሆነ አትደንግጪ፤ ሲሸና የሚያቃስት ወይም የሚቸገር ከሆነ ግን ለሐኪም አሳዪው።

መድኃኒትን በተመለከተ እለምንሻለሁ፣ ይህን ለቤተሰብሽ ሁሉ ንገሪ፦ አሞክሳሲሊንም ሆነ ሌላ የፔኒሲሊን ዘር በአፉ አይሰጠው። የጥንቸል አንጀት የሚሠራው በውስጡ ባሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች እነሱን ፈጅተው መርዛማዎቹ እንዲነግሡ ያደርጋሉ። የጎረቤታችን ጥንቸል አስነጠሰው ተብሎ ከቤት የተረፈ የሰው አሞክሳሲሊን ተበጥብጦ ተሰጠው፤ ተቅማጥ ጀምሮት ሞተ። ልጆቹ በጉንፋን የሞተ ነው የመሰላቸው። ይህ እንዳይደርስብሽ ገና ሳትገዢ ሐኪም ፈልጊ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር በመሆኑ እኛ የጎንደር ሰዎች ዕድለኞች ነን፤ ሆኖም የአብዛኛው የእንስሳት ሐኪም ልምድ ከከብት፣ ከበግና ከጋማ ከብት ጋር ነው። «ጥንቸል አክመህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሽታውን ጠይቀሻል። ጥንቸሉ ራሱ አይሸትም፣ ገላም አይታጠብም፤ ውኃ ውስጥ መክተት በድንጋጤ ሊገድለው ይችላል። የደረቀው በጠጥም አይሸትም፤ የአትክልት ማዳበሪያ ይሆንልሻል። የሚሸተው ሽንቱ ነው። ጥንቸል የሚሸናበትን ጥግ ራሱ ይመርጣል። እዚያ ጥግ ሰፋ ያለ ሳፋ አስቀምጠሽ ጭድ ጎዝጉዢበት፣ ድርቆሹን ከጎኑ አድርጊ፤ እየበላ መጠቀም ይወዳልና ቶሎ ይለምዳል። ጭዱን በየቀኑ ቀይሪ። የአናጺ ሰጋቱራ በተለይ የጽድ አትጠቀሚ፤ ሽታው ሳንባውን ይጎዳል። በክረምት ደግሞ ቂጡ አካባቢ እርጥብ ከሆነ ዝንብ እንቁላል ይጥልበታል፣ ትሉም ሥጋውን ይበላዋል። በዚያ ወራት በየቀኑ ገልብጠሽ ሳይሆን ጎንበስ ብለሽ ከሥር እዪው።

አሁን ስለ ክፍልሽ በግልጽ ልናገር። አንድ ክፍል ውስጥ ከሰል ተያይዞ ቡና ሲፈላ፣ ዕጣን ሲጤስ፣ ጥንቸሉ መሄጃ የለውም። ሳንባው ስስ ነው። ቡናውን በረንዳ ላይ ማፍላት ከቻልሽ ወይም ለእሱ በረንዳውን አጥረሽ መስጠት ከቻልሽ ይሆናል፤ አለዚያ እኔ አልመክርሽም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ አብዛኛውን ዓመት ይስማማዋል፤ ብርድን ከሙቀት በተሻለ ይችላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ግን የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ቤት ይጋግራል። ጥንቸል አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በጆሮው ነው፣ ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆንም ይጨነቃል። ጥላ፣ ነፋስ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ጠርሙስ አጠገቡ አድርጊለት። ወለልሽ ልሙጥ ሲሚንቶ ከሆነ ሰሌን አንጥፊበት፤ እግሩ መንሸራተቱንና መቁሰሉን ይከላከላል፣ ቢቆረጥመውም አይጎዳውም። የኤሌክትሪክ ገመድ ግን ከደረሰበት ይቆርጠዋል፤ ሁሉንም ወደ ላይ ስቀዪ። ሌሊት ውጭ አይደር፤ ድመትና ውሻ አለ፣ ከከተማው ዳር ደግሞ ጅብ። በበዓልና በሠርግ ሰሞን ርችትና ተኩስ ሲሰማ የሚደበቅበት ሁለት በር ያለው ካርቶን ይኑረው።

ጎረቤትን በተመለከተ፣ ሰው መናገሩ አይቀርም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከማይበሉት ስለሚቆጥረው ቤት ማስገባቱ ራሱ ነውር የሚመስላቸው አሉ። ያ ቃል ስለ መብላት ነው፤ አህያም በቅሎም አይበሉም፣ ግን ከየቤቱ አሉ። ልብሽ ካልረጋ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ። ከጎረቤቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ አከራይሽ ናቸው፤ አስቀድመሽ አስፈቅጂ፣ ኋላ «ወይ እሱ ወይ አንቺ» ቢሉሽ ጥንቸሉ ነው የሚጎዳው።

ሻጩ ወንድና ሴት ጥንድ ውሰጂ ማለቱን ግን አትስሚው። ሴቷ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ለመውለድ ትደርሳለች፣ እርግዝናዋ 31 ቀን ያህል ነው፣ በወለደች ዕለትም እንደገና ልትፀንስ ትችላለች። እዚህ የሚበላው ሰው ጥቂት ነው፤ ግልገሎቹን ለማን ልትሰጪ ነው? ብቻውን ማኖርም ይከብደዋል፣ ማኅበራዊ እንስሳ ነውና። እኔ የምመርጠው ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ የተወለዱ ሁለት እኅትማማቾችን ነው፤ ሲጎለምሱ ሊጣሉ ስለሚችሉ ሰፊ ቦታ ይፈልጋሉ። ሐኪምሽ ወንዱን መኮላሸት ከቻለ ደግሞ የተኮላሸ ወንድና ሴት ከሁሉ የተስማሙ ናቸው። ገጠር ያለ ዘመድ ከማሳ የያዘውን ላምጣልሽ ቢልሽ እምቢ በዪ፤ እሱ ሌላ ዝርያ ነው፣ በቤት አይለምድም፣ በፍርሃት ይሞታል።

ይህን ሁሉ ሰምተሽ አሁንም ልብሽ ካለ ሻጩ ጋር በቀን ብርሃን ሂጂ። ከንፈሩን ገልጠሽ የላይና የታች የፊት ጥርሱ መገጣጠሙን እዪ። አፍንጫው ደረቅ ይሁን፤ የፊት እግሩን የውስጥ ጠጉር ዳብሺ፣ የተጣበቀና የደረቀ ከሆነ ንፍጡን ሲጠርግበት የከረመ ነው። ጆሮው ውስጥ ቅርፊት ካለ እከክ ነው። ክብ ሆኖ ጠጉሩ የረገፈ ቦታ ካለው ጭርት ስለሚሆን ለልጅሽ ይተላለፋል፤ ተዪው። ቂጡ ንጹሕ ይሁን። 8 ሳምንት ያልሞላውን አትውሰጂ። ጾታውን ሻጩ ስለነገረሽ ብቻ አትመኚ፤ ግልገል ሳሉ ብዙ ሰው ያሳስታቸዋልና ያ ያገኘሽው ሐኪም ይይልሽ። ሲበላ የነበረውንም ሣር ለጥቂት ቀን የሚሆን አብረሽ ጠይቂ፤ ምግቡ በአንድ ቀን አይለወጥም።